ካታ ለምን? ብላችሁ ለጠየቃችሁኝ

ልጆቼ፣

ባለፈው ሰሞን አንዲት የካራቴ ተማሪዬ ከልምምድ በኋላ ቀረብ አለችና፣ «ማስተር፣ አይቆጡኝና፣ ይሄ ካታ ግን ምን ያደርግልናል? መንገድ ላይ ሰው ቢመጣብኝ እንዲህ እያልኩ ልዞርለት ነው?» አለችኝ። ቡናማ ቀበቶ ናት። ፈጣን ናት፤ ኩሚቴዋ፣ ከሰው ጋር የምታደርገው ፍልሚያ፣ ያስፈራል። ሌሎቹ ከኋላዋ ቆመው ይስቃሉ። ጥያቄው የሁሉም እንደሆነ ገባኝ። እሷ ደፋር ስለሆነች ላኳት።

የተለመደውን መልስ ሰጠኋት። ሚዛን፣ ትንፋሽ፣ ትኩረት ምናምን። «እሺ ማስተር» ብላ ሄደች። አላመነችኝም። እውነቱን ለመናገር እኔም በመልሴ አልረካሁም። ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። በእሷ ዕድሜ ሳለሁ ይሄው ጥያቄ በሆዴ ነበር፤ መልሱን የሚያውቅ ሰውም አጠገቤ ነበር። ሳንገናኝ ቀረን። ይህን ደብዳቤ ያስጀመረኝ እሱ ነው።

በሰዓቱ ኑ፣ ጥፍራችሁን ቁረጡ፣ ሳታሟሙቁ እግር አትወርውሩ የሚለውን አልጽፍም። እሱን የማያውቅ ሰው በደብዳቤ አይድንም።

ለማታውቁት በአጭሩ ልንገራችሁ። ካታ ማለት ብቻህን የምትሠራው፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቅደም ተከተሉ የተወሰነ የመከላከልና የማጥቃት እንቅስቃሴ ነው። ቴኳንዶ የምትሠሩት ፑምሴ ወይም ቱል ትሉታላችሁ። ስሙ ይለያያል እንጂ ጣጣው አንድ ነው። እኔ ግን የማውቀውን ላውራ፤ ሾቶካን የሚባለውን የካራቴ ዓይነት።

ደርግ ሊወድቅ ሰሞን ነው። ጉለሌ አካባቢ አንድ የቀበሌ አዳራሽ ነበረን። ቀን ቀን ስብሰባ ይደረግበታል። ወደ ማታ አግዳሚ ወንበሮቹን ወደ ግድግዳ ገፍተን እንሠራለን። ወለሉ ሲሚንቶ ነው። ክረምት ላይ ቅዝቃዜው ከእግር ተነስቶ ጥርስ ያንቀጫቅጫል። እውነተኛ የካራቴ ልብስ ያለው አስተማሪያችን ብቻ ነበር። እኛ አቡጀዲ ገዝተን ነው ያሰፋነው። ልብስ ሰፊው ግራ ገብቶት «ይሄ ፒጃማ ነው ወይስ መግነዝ?» ብሎ ሲስቅብን ትዝ ይለኛል። ሲታጠብ ደግሞ ያጥራል። ሦስተኛው እጥበት ላይ ሱሪው ጉልበት ላይ ደርሶ ያርፋል።

አብዛኞቻችንን ወደዚያ አዳራሽ የላከን ቪዲዮ ቤት ነው። ብሩስ ሊን አይተን ወጥተን፣ መንገድ ላይ አጥር የምንራገጥ ልጆች ነበርን። ስለዚህ ወዲያው መደባደብ እንፈልጋለን። አስተማሪያችን ደግሞ ሌላ ሰው ነው። ለትምህርት ውጭ አገር ቆይቶ የመጣ፣ ዝምተኛ፣ ቀጭን ሰው። ገብቶ ሰላምታ ይሰጣል፣ ያሟሙቀናል፣ ከዚያ ሄያን ሾዳን። በማግስቱም ሄያን ሾዳን። አንዱ ልጅ ሰልችቶት «ማስተር፣ ይቺ ነገር ምንድናት?» ሲለው፣ «አትጠይቅ፣ ሥራ» ይላል። ሌላ ንግግር የለም።

ሄያን ሾዳን የመጀመሪያዋ ካታ ናት። 21 እንቅስቃሴ አላት። በግራ ዞረህ በገዳን ባራይ ወደ ታች ትመክታለህ፣ ተራምደህ በቡጢ ትመታለህ። ወደ ኋላ ትዞራለህ፣ ትመክታለህ። አራተኛዋ ላይ አንድ እንግዳ ነገር ትመጣለች። የቀኝ እግርህን ወደ ራስህ ትሰበስብና የቀኝ ክንድህን በክብ አዙረህ በቡጢህ ጎን ከላይ ወደ ታች ትመታለህ። በካታዋ ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የምትመጣው። ሁሉም ነገር ቀጥ ቀጥ ባለበት ይቺ ብቻ ትከብባለች። ይቺን አራተኛ እንቅስቃሴ ያዙልኝ።

ልምምድ ሲያልቅ አስተማሪያችን አይሄድም። መቆየት የፈለገ ይቆያል። ሁለት ሦስት ልጆች ይቀራሉ። እኔ መቅረት አልችልም ነበር። ቤታችን ቃሊቲ ነው። የመጨረሻው አውቶብስ ካመለጠኝ በእግር መሄድ ነው፤ አባቴ ደግሞ በዚያ ዘመን ወንድ ልጅ ሲያመሽ ልባቸው ትቆማለች። ደርግ ከመንገድ ወጣት እያፈሰ ወደ ጦር ግንባር የሚልክበት ጊዜ ነው። እናንተ ይሄንን አታውቁትም፤ አለማወቃችሁም ደስ ይለኛል። እና ላቤ ሳይደርቅ ጫማዬን በእጄ ይዤ እሮጣለሁ።

ጓደኛዬ ግን ይቀር ነበር። ቤታቸው ከአዳራሹ ጀርባ ነው፤ እናቱ እራት ሲደርስ በአጥር በኩል ይጠሩታል። በማግስቱ «ማታ ምን ስትሠሩ አመሻችሁ?» ስለው፣ «ያው ካታ ነዋ» ይለኛል። ካታ ከሆነማ ምንም አልቀረብኝም ብዬ እተኛለሁ።

አንድ ቀን ስንመጣ አዳራሹ ተዘግቷል። ሁለተኛም ቀን። ሦስተኛ ቀን የቀበሌው ዘበኛ «ሰውየው ከአገር ወጥቷል» አለን። በዚያ ዘመን ወጥቷል ከተባለ ጥያቄ አይበዛም። ደህና ሰንብቱም አላለንም። ሊልም አይችልም ነበር።

ልጆቹ ተበተኑ። እኔ ቀጠልኩ። ሌላ ቦታ፣ ሌላ አስተማሪ፣ በኋላም ራሴ አስተማሪ ሆንኩ። ሾቶካን ውስጥ 26 ካታዎች አሉ፤ ቅርጻቸውን በሙሉ ያዝኩ። ተማሪ «ይቺ ለምንድናት?» ሲለኝ፣ «አትጠይቅ፣ ሥራ» እል ነበር። ድምፄ ሳይቀር እንደ እሱ ሆኖ ነበር። ልዩነቱ፣ እሱ እንዲህ ሲል መልሱ ለማታ ተቀምጧል። እኔ ጋ የተቀመጠ ነገር የለም።

ከስንት ዓመት በኋላ ነው፣ ጎተራ አካባቢ ላዳ ታክሲ ያዝኩ። ሹፌሩ በመስታወት ደጋግሞ ያየኛል። ሰው ሲያፈጥብኝ አልወድም፤ «ምነው ወንድሜ?» አልኩት። «አንተ አቡጀዲ!» አለኝ። ያኔ አወቅሁት። ያ ከአዳራሹ ጀርባ የሚኖረው ልጅ። ወፍሯል፣ ፀጉሩ ሸሽቷል፣ ሳቁ ግን ያው ነው። ካራቴን ከዚያ ወዲህ አልነካውም። ልጆች ወልዷል፣ ላዳዋንም በዕዳ ገዝቷል። ወሬ ይዘን ቀጠሮዬን ረሳሁት። ትንሽ እንደሄድን ጎማው ተነፈሰና ጎሚስታ ቤት ገባን።

ልጁ ጎማውን እስኪፈታ እኛ ቆመን እናወራለን። «አሁንም ትሠራለህ?» አለኝ። አስተምራለሁ አልኩት። «ሄያን ሾዳንን?» «እሷን ጨምሮ» «እስቲ አሳየኛ!» አለ። እዚህ? አልኩት። እዚህ አለኝ። በቃ ዘይት የጠገበው መሬት ላይ፣ በክራባቴ፣ ጀመርኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አራተኛዋ ላይ ስደርስ «ቁም!» አለኝ።

«ይቺን ለምንድነው የምታደርጋት?»

«የመዶሻ ምት ናት። የሚመጣውን ሰው ከላይ ትመታዋለህ።»

«እሱማ መጨረሻዋ ነው። መጀመሪያዋስ? እጅህ ለምን ይዞራል? እግርህ ለምን ይሰበሰባል?»

ዝም አልኩ። ቀረበና የቀኝ እጄን አንጓ በሁለት እጁ ጨምድዶ ያዘኝ። መሪ ሲያዞር የኖረ እጅ ነው፤ ብታገል አልንቀሳቀስም። «በል አሁን ሥራት» አለኝ። እግሬን ወደ ራሴ ስሰበስብ ሰውነቴ ሁሉ ሳበው፤ በክንዴ ጉልበት ሳይሆን በክብደቴ። ክንዴን ሳዞር አንጓዬ አውራ ጣቶቹ ባሉበት በኩል ሾልኮ ወጣ። አውራ ጣት ከሌሎቹ ይደክማላ። ክቡ ሲዘጋ ቡጢዬ አንገቱ ሥር ደርሶ ቆሟል። ምንም አላሰብኩም፤ እጄ መንገዱን ያውቀዋል። ስንት ዘመን የሠራኋት ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው አገኘች።

የጎሚስታው ልጅ የተጣላን መስሎት የጎማ መፍቻውን እንደያዘ ሮጦ መጣ። «ኧረ ጋሼ ተዉ! በሽምግልና!» እያለ መሃላችን ገባ። ጓደኛዬ በሳቅ ሞተ። እኔ አልሳቅኩም። «ማስተር ማታ ማታ ይሄን ነበር የሚያሠራን» አለኝ። «አንድ እንቅስቃሴ ይመርጥና አንዳችን እንይዛለን፣ ሌላው በካታው ይወጣል።»

ከዚያ ምን እንዳለኝ ታውቃላችሁ? «ግን ቀጥሎ ወዴት ነበር የሚዞረው?» ካታዋን ረስቷታል። ከአምስተኛዋ በኋላ ባዶ ነው። የእያንዳንዷን ጥቅም እንጂ ሰንሰለቱን አያስታውስም። እኔ ቅደም ተከተሉን እየነገርኩት፣ እሱ «አዎ! ይቺ እንትን ናት» እያለ፣ ጎማው ተገጥሞ ካለቀ በኋላም እዚያው ቆመን ቀረን። የታክሲ ሂሳብም አልተቀበለኝም።

በዚያው ቀን ሌላም ነገር አሳየኝ። ካታ ስትሠሩ አንዱ እጃችሁ ሲመታ ሌላው ወደ ወገብ ይመለሳል። ሂኪቴ እንለዋለን። እናንተ «ኩሚቴ ላይ እጁን ወገቡ ላይ የሚያደርግ ሰው ፊቱ ይጠፋል» ትላላችሁ። እውነታችሁን ነው፤ እኔም ለብዙ ጊዜ ለጉልበት ነው፣ ወገብ ለማዞር ነው እያልኩ አልፌዋለሁ። ጓደኛዬ ግን ሸሚዜን በአንድ እጁ ጨበጠና ወደ ወገቡ ሳበኝ። ስሳብ ፊቴ ወደሚመጣው ሌላ እጁ ሄደ። «ያ እጅ ባዶ አይደለም፤ ሰውየውን ይዟል» አለኝ። በቃ። አሁን ሁሉንም ካታዎች በዚህ ዓይን እዩዋቸው። ወደ ወገብ የሚመለስ እጅ ባያችሁ ቁጥር «ምን ይዟል?» በሉ። ግማሹ እንቆቅልሽ ይፈታል።

አጎቴ የአብነት ተማሪ ነበሩ። ስለ ቆሎ ተማሪነት ሲያወሩ፣ ልጁ መጀመሪያ ዳዊትን በግዕዝ ያነባል ይሉኛል። ትርጉሙን አያውቀውም። ዜማውን፣ ተነሽ ተጣዩን፣ የት ላይ እንደሚጥል የት ላይ እንደሚያነሳ፣ አፉ እስኪለምድ ይደግማል። ከስንት ዘመን በኋላ መጻሕፍት ቤት ሲገባ መምህሩ «አንድም» እያሉ ይፈቱለታል። አንድም እንዲህ ነው፣ አንድም እንዲያ ነው። አንዱ ሌላውን አያፈርሰውም። ንባቡን ያልያዘ ልጅ አንድምታው ላይ ቢቀመጥ የሚሰማው ነገር የሚያርፍበት የለውም። ካታንና ቡንካይን፣ የእንቅስቃሴዎቹን ፍቺ ማለት ነው፣ ከዚህ የተሻለ የሚያስረዳኝ አላገኘሁም። አራተኛዋ እንቅስቃሴ አንድም የመዶሻ ምት ናት፤ አንድም የተያዘ እጅ ማስለቀቂያ ናት፤ አንድም የሰውየውን ክንድ ጠምዝዞ ማውረጃ ናት። የእኔ ነገር ንባቡን ጨርሼ መምህሩ የሄዱብኝ ልጅ ነገር ነው።

ይሄ ችግር የእኔ ብቻ እንዳልሆነ ያወቅሁት ኋላ ነው። ታሪኩ ረጅም ነው፤ አሳጥረዋለሁ፤ ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ካራቴ የኦኪናዋ ነው፤ በጃፓን ደቡብ ያለች ደሴት። እዚያ ኢቶሱ አንኮ የሚባሉ መምህር ነበሩ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ካራቴን ትምህርት ቤት አስገቡት። ለልጆች እንዲሆን አምስት ካታዎች አዘጋጁ፤ ፒናን ይባላሉ። ተማሪያቸው ፉናኮሺ ጊቺን በ1922 ቶኪዮ ሄደው ካራቴን አሳዩ፤ በኋላም ፒናን የተባሉትን ሄያን አሏቸው። የእኛዋ ሄያን ሾዳን ከዚያ የመጣች ናት። አያችሁ፣ ለትምህርት ቤት ልጅ አንገት ማነቅና ክንድ መስበር አይነገረውም። ስፖርት ነው፣ ጤና ነው፣ ሥርዓት ነው ተብሎ በሰልፍ ይሠራል። ብዙዎች እንደሚሉት ቅርጹ ዓለምን ሲዞር ጥቅሙ ወደ ኋላ የቀረው እንዲህ ነው። ቶኪዮ ላይ የጠፋ ነገር ጉለሌ ላይ ቢጠፋ ምን ይገርማል?

ፉናኮሺ ራሳቸው ግን እንዴት እንደተማሩ ስሙ። በወጣትነታቸው ሌሊት ሌሊት ወደ መምህራቸው ወደ አዛቶ ግቢ ይሄዳሉ። መምህሩ አንዷን ካታ ደጋግመው ያሠሯቸዋል፤ ካልጠገቡ ወደሚቀጥለው የለም። ቴኪ የሚባሉትን ሦስት ካታዎች ለመማር አሥር ዓመት ፈጅቶብኛል ብለዋል። አሥር ዓመት! እናንተ በስምንት ወር ጥቁር ቀበቶ ለምን አልሰጡኝም ብላችሁ ክለብ ትቀይራላችሁ። ቀበቶ የሚሸጥም አይጠፋም፤ ይሸጥላችኋል።

ከጓደኛዬ ጋር ከዚያ በኋላ መገናኘት ጀመርን። ላዳዋን አቁሞ፣ እኔ ጋ አዳራሽ መጥቶ፣ በካልሲ ቆሞ ይይዘኛል። ሄያን ሾዳንን ጨረስን። ሁለተኛዋን፣ ሄያን ኒዳንን ጨረስን። ሦስተኛዋ፣ ሄያን ሳንዳን ላይ ስንደርስ እሱ ሥራ በዛበት፣ እኔ ሠርግ፣ ለቅሶ፣ የልጆች ፈተና። «ሲመቸን» እንባባል ነበር። ይሄን ቃል ተጠንቀቁት። ከዚያ ባለቤቱ ዲቪ ደረሳትና በአንድ ክረምት ተነስተው አሜሪካ ሄዱ።

አሁን በኢሞ እንገናኛለን። ስልኩን ግድግዳ ላይ አስደግፌ እሠራለሁ፤ እሱ ያየኛል። «ይቺስ?» እለዋለሁ። «እሷን… ረሳኋት ባክህ» ይለኛል። ዕድሜም ነው። ደግሞ በስልክ እጅ መያዝ አይቻልም። እነዚህ ነገሮች የሚታወሱት ሲያዙ ነው። አንጓህን ሰው ሲጨብጠው እጅህ ያስታውሳል፤ ስትጠየቅ አይመጣም። እዚህ በነበረ ጊዜ ቢያንስ ሳንዳንን ብንጨርስ ኖሮ እያልኩ አስባለሁ። በየሳምንቱ አንድ ሰዓት ብናገኝ ያልቅ ነበር። የሚቆጨኝ እሱ ነው።

ስለ እናንተ ትውልድ አልናገርም ብዬ ነበር፤ አልቻልኩም። ቲክቶክ ላይ የምትለጥፉትን አያለሁ፤ ልጄ ታሳየኛለች። አየር ላይ ሁለቴ መዞር፣ ጣውላ መስበር፣ ጠርሙስ ክዳን በእግር መክፈት። ያምራል። ግን አንዳችሁ ቀጥ ብላችሁ መራመድ አትችሉም! ዘንኩትሱ ዳቺ፣ የፊት ጉልበት ታጥፎ የኋላ እግር ተዘርግቶ የሚቆመውን አቋቋም፣ ቆማችሁ የኋላው ተረከዝ ይነሳል፤ ስትዞሩ ጭንቅላት ከእግር በኋላ ይመጣል። ካታ መጀመሪያ ማየት፣ ከዚያ መዞር ነው። ያላየኸውን አትመታም። ይሄ ለመንገድም ይሠራል፤ በተለይ ቦሌ ላይ ስልክ እያያችሁ ለምትሻገሩት።

ቶኪዮ ኦሊምፒክን ሁላችሁም ያያችሁት ለሩጫው ነው። ሰለሞን ባረጋ በ10,000 ሜትር ወርቅ ሲያመጣ ሰፈሩ ሁሉ ጮኸ፤ እኔም ጮኬአለሁ። ከዚያ በኋላ በነበረው ሳምንት፣ ሐምሌ 2013 መጨረሻ ላይ፣ ኒፖን ቡዶካን በሚባለው አዳራሽ ውስጥ የካታ ውድድር ነበር። በሴቶች ስፔናዊቷ ሳንድራ ሳንቼዝ አሸነፈች፤ 39 ዓመቷ ነበር። በወንዶች የኦኪናዋው ልጅ ኪዩና ሪዮ። የኦኪናዋ ሰው የኦሊምፒክ ወርቅ ሲያገኝ የመጀመሪያው ነው፤ ሽልማቱ ላይ የሟች እናቱን ፎቶ ይዞ ቆመ። እኔ ሽልማቱን አይደለም ደጋግሜ ያየሁት። ልጁ ሲቆም እዩት። ሳይንቀሳቀስ ቆሞ ሰው ያስፈራል። እናንተ ስትቆሙ ሱሪያችሁን ታስተካክላላችሁ። ካራቴ ከዚያ በኋላ ፓሪስ ላይ አልነበረም፤ ስለዚህ ያንን ውድድር ፈልጋችሁ እዩ።

ይኸው ስልክ እያማሁ ስልክ ክፈቱ አልኳችሁ። ምን ላድርግ? እኛ የነበረን አንድ ደብዝዞ የጠፋ ፎቶ ኮፒ ነው። ሥዕሉ ላይ ሰውየው ወደ ግራ ይዙር ወደ ቀኝ እየተከራከርን ስንጣላ ነው የኖርነው። እናንተ የኦኪናዋን ሽማግሌዎች አልጋችሁ ላይ ተኝታችሁ ታያላችሁ። ራሳችሁን ቅረጹ። ለመለጠፍ አይደለም፤ ለማየት። ሰው የራሱን ጀርባ የሚያይበት ሌላ መንገድ የለውም።

አሁን እንዴት ትሠሯት? ከሄያን ሾዳን አትለዩ። በጣም ቀስ አድርጋችሁ ሥሯት፤ ስትፈጥኑ ስህተቱ ይደበቃል። ስትጀምሩ የቆማችሁበትን ቦታ በጠመኔ አስምሩ። ስትጨርሱ እዚያው ላይ መቆም አለባችሁ። ካልሆናችሁ አንድ እርምጃችሁ አጥሯል ወይም ረዝሟል፤ የትኛው እንደሆነ ፈልጉ። ስትወርዱ ጉልበታችሁ ወደ ውስጥ አይውደቅ፤ ወደ እግር ጣታችሁ አቅጣጫ ይሂድ። የእኔ ግራ ጉልበት ደረጃ ሲያይ የሚያለቅሰው ወጣት ሳለሁ ይሄን የነገረኝ ስላልነበረ ነው።

መጀመሪያ ላይ አትጠይቁ። ይሄን የምለው ከልቤ ነው። ሁለተኛ ቀኑ ላይ «ይቺ ለምንድናት?» የሚል ልጅ፣ መልሱን ብነግረውም የሚሠራበት ሰውነት የለውም። ግን ደግሞ ጠይቁ። መቼ? እሱን አላውቅም። እጃችሁ ሳታስቡ መሄድ ሲጀምር ይመስለኛል። አስተማሪያችሁን ጠይቁ፣ እሱ ከሌለ ከእናንተ በፊት የሠራውን ጠይቁ፣ የተወውንም ቢሆን። ታክሲ ሹፌርም ቢሆን። እና ከልምምድ በኋላ መቅረት ለምትችሉ፣ ቤታችሁ ቅርብ ለሆነ፣ ቅሩ። እናንተ ባጃጅም ራይድም አላችሁ።

ካታ ብቻውን ተደባዳቢ አያደርግም። ያደርጋል የሚላችሁ ሰው ካለ እየሸጠላችሁ ነው። የሚታገል፣ የሚገፋ፣ እምቢ የሚል ሰው ያስፈልጋችኋል፤ ፉናኮሺም ካታ ሌላ፣ የእውነተኛው ፍልሚያ ሌላ መሆኑን ተናግረዋል። ሌባ ከመጣ ስልኩን ስጡና ሩጡ። ግን ባልደረባ በሌለበት ጊዜ ምን ትሠራላችሁ? በ2012 በኮሮና ጊዜ አዳራሹ ሲዘጋ እኔ ሦስት በአራት ክፍል ውስጥ ቴኪ ሾዳን እሠራ ነበር። ቴኪ ወደ ጎን ብቻ ነው የምትሄደው፤ በአልጋና በቁም ሳጥን መካከል ትበቃለች። ተማሪዎቼ ሲመለሱ ትንፋሽ አጥሯቸው ሦስተኛው ዙር ላይ ይቀመጡ ነበር። እኔ አልተቀመጥኩም። ትንሽ ጉራ ነው፤ እለፉኝ።

አሁን ለዚያች ልጅ። መልሴን ሰኞ ላሳይሽ፤ አንጓሽን የሚይዝ ጉልበተኛ ልጅ ምረጪ። አራተኛዋን ሁላችሁም ትሠሯታላችሁ፣ ከዚያ አምስተኛዋን ራሳችሁ ትፈልጋላችሁ፤ አልነግራችሁም።

ከዚያ ወደ ሄያን ሳንዳን እንሄዳለን። እዚያ ላይ የእናንተን እርዳታ እፈልጋለሁ። ሁለቱን ቡጢ ወገብ ላይ አድርጎ፣ እግርን ወርውሮ እየረገጡ፣ በክርን እየመከቱ ወደ ፊት መሄድ አለ፤ ሦስት ጊዜ ይደጋገማል። ሁለት አንድም አለኝ። አንደኛው ሰውየው ከፊት ሲይዝህ ክንዶቹን በክርን መስበሪያ ነው፤ ሁለተኛው እግሩን ረግጦ ሚዛኑን ማሳቻ ነው። ሁለቱንም ሰው አስይዤ ሞክሬአቸዋለሁ፤ የሚታገል ሰው ላይ አይሠሩም። ጓደኛዬም ረስቶታል። ከእናንተ የሚሠራ ነገር ያገኘ፣ ቀበቶው ነጭም ይሁን፣ እሁድ ጠዋት መጥቶ ያሳየኝ። እኔ ነኝ የምያዝለት።